ዘውዱን ለሰማያዊው ንጉሥ ያስረከበ ንጉሥ፤ የቅዱስ ካሌብ ታሪክ

ከቱሊ ጉሌድና ከጅግጅጋ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ቆላውን አቋርጦ ከዘይላ ወደብ ይደርሳል። ከዘይላም ማዶ የኤደን ባሕረ ሰላጤ፥ ከባሕረ ሰላጤውም ማዶ የየመን ተራሮች አሉ። በቀጥታ መስመር ቢለካ ከዚህ አገር የኤደን ከተማ ከአክሱም ይልቅ ትቀርባለች። ያ ከባሕር ማዶ ያለው ምድር በጥንት ዘመን የሕምያር መንግሥት ይባል ነበረ። ከ1500 ዓመት በፊት አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ በግፍ ስለ ፈሰሰው የክርስቲያኖች ደም ባሕር ተሻግሮ በዚያ ምድር ላይ ዘመተ፤ ድልም አደረገ፤ በኋላም ዘውዱን ከራሱ አውርዶ ወደ ኢየሩሳሌም ሰደደና መነነ። ይህ ንጉሥ ቅዱስ ካሌብ ነው። ታሪኩ የአክሱም ታሪክ ቢሆን እንኳ ከባሕሩ በዚህ ወገን ለሚኖሩ ምእመናን የሩቅ ወሬ አይደለም።

ክርስቶስ ንጉሥ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያን በጸሎቷና በዜማዋ ሁሉ ትመሰክራለች። ነገር ግን የዚህ ንጉሥነት ኀይል በምን ይገለጣል? በሠራዊት ብዛት ነውን? በግዛት ስፋት ነውን? ወይስ በሌላ ነገር? ቅዱስ ካሌብ ለዚህ ጥያቄ በዘመኑ ሁለት ጊዜ መልስ ሰጠ፤ አንድ ጊዜ በሰይፍ፥ አንድ ጊዜም ዘውዱን በማውረድ። የፊተኛው መልስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ፤ የኋለኛው ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ታሪኩ እንደሚከተለው ነው፤ ዓመታቱም በአውሮፓ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ካሌብ የንጉሥ ታዜና ልጅ ነው፤ የመንግሥቱም ስም እለ አጽብሓ ይባል ነበረ። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአክሱም ዙፋን ላይ በተቀመጠ ጊዜ የክርስትና ሃይማኖት በቤተ መንግሥት ከታወቀ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ተጠግቶ ነበረ። ቅዱስ አትናቴዎስ በእስክንድርያ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ፍሬምናጦስ፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው፥ ወንጌልን በአክሱም አስተማረ። ንጉሥ ኢዛናም ባመነ ጊዜ አስቀድሞ በገንዘቡ ላይ ይቀረጽ የነበረውን የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ትቶ መስቀልን አስቀረጸ። ከዚያ ወዲህ የአክሱም ገንዘብ በገበያ በተቈጠረ ቍጥር የምድሩ ንጉሥ መልክ ከሰማያዊው ንጉሥ ምልክት ጋራ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበረ። ይሁን እንጂ መስቀልን በወርቅ ላይ መቅረጽ ቀላል ነው፤ ካሌብ ግን መስቀልን ከወርቁ ይልቅ የሚያስመርጥ ፈተና ይጠብቀው ነበረ።

በዚያም ዘመን የኢትዮጵያ የባሕር በር አዱሊስ ነበረ። ካሌብ ለዘመቻ ሲሰናዳ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ሳለ ንጉሡ ለአገረ ገዢው ለአስባስ ትእዛዝ ላከ። በከተማው መግቢያ፥ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ በኩል፥ ከዕብነ በረድ የተሠራ ጥንታዊ ዙፋን ነበረ፤ ትእዛዙም በዙፋኑ ላይ ያለው የጽርእ ጽሕፈት ተገልብጦ ይላክልኝ የሚል ነበረ። ኮስማስም ሜናስ ከሚባል ጓደኛው ጋራ ጽሕፈቱን ገልብጦ ለአገረ ገዢው ሰጠ፤ አንዱንም ግልባጭ ለራሱ አስቀረ። ጽሕፈቱ የቀድሞ የአረማዊ ንጉሥ ነው፤ ያም ንጉሥ ያሸነፋቸውን አሕዛብ አንድ በአንድ ቈጥሮ ዙፋኑን ለጦርነት አምላክ እንደ ሰጠ ይናገራል። ኮስማስ እንደ ጻፈው በእርሱ ዘመን እንኳ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች በዚያ ዙፋን ፊት ይገደሉ ነበረ። ካሌብ ዓለም ዙፋን የሚለው ነገር ምን እንደ ሆነ ከዚህ ጽሕፈት ሳይረዳ አልቀረም፤ ድል አድርጎ መቍጠር፥ ለጦርነት አምላክ መስጠት፥ በፊቱም ደም ማፍሰስ ነው።

ከባሕር ማዶ በሕምያር የነበሩት ነገሥታት ከ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የአይሁድን እምነት ተቀብለው ነበረ። ክርስቲያኖችም በዚያ አገር፥ ይልቁንም ዛሬ በሳዑዲ ዐረቢያ ግዛት ባለችው በናግራን ከተማ፥ በብዛት ይኖሩ ነበረ። አክሱምም በዋናው ከተማ በዛፋር ጭፍራ አስቀምጣ ነበረ። በ522 ገደማ ዮሴፍ አስአር የተባለ፥ ዐረቦች ዙ ኑዋስ፥ የኢትዮጵያ መጻሕፍትም ፊንሐስ የሚሉት ንጉሥ ሥልጣን ያዘ። እርሱም በዛፋር የነበሩትን የአክሱም ሰዎች ገደለ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውንም አቃጠለ፤ ከዚያም በ523 ናግራንን ከበበ። ከተማይቱ ለመያዝ አስቸጋሪ በሆነችበት ጊዜ ለሕዝቡ እንዳይነካቸው በመሐላ ቃል ሰጣቸው። በሩን በከፈቱለት ጊዜ ግን መሐላውን አፍርሶ ክርስቶስን እንዲክዱ አዘዛቸው።

የናግራን ሽማግሌ ቅዱስ ኂሩት፥ በጽርእ አሬታስ የሚባለው፥ በዕድሜ ብዛት ደክሞ የነበረ ሰው ነው። እርሱም ወንዶቹም ሴቶቹም ሕፃናቱም በአንድነት እምቢ አሉ። ሰይፍ አልመዘዙም፤ ሠራዊትም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ነገር ንጉሣቸው ክርስቶስ እንደ ሆነ መናገር ብቻ ነው። ስለዚህም አንዳንዶቹ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቃጠሉ፤ ሌሎቹም በሰይፍ ታረዱ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ይህን ግፍ ያደረገ አንድ ንጉሥ ነው፤ የአንድ ንጉሥ በደል በአንድ ሕዝብ ወይም በአንድ እምነት ሁሉ ላይ ሊቈጠር አይገባም። መስቀልን የያዙ ነገሥታትም እንደዚሁ ያለ ግፍ ያደረጉበት ጊዜ በዓለም ታሪክ ጥቂት አይደለም።

የሰማዕታቱ ወሬ ፈጥኖ በምሥራቅ ሁሉ ተሰማ። ጳጳስ የነበረው ስምዖን ዘቤተ አርሻም በ524 የሆነውን ሁሉ በደብዳቤ ጽፎ አሰራጨ። በቍስጥንጥንያ የነበረው የሮም ንጉሥ ዮስጢኖስና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ጢሞቴዎስ ካሌብን እንዲዘምት አሳሰቡት። ዮስጢኖስ በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተወሰነውን የሚቀበል ነበረ፤ ጢሞቴዎስና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን አይቀበሉትም ነበረ። ይሁን እንጂ የናግራን ደም እርስ በርስ የተለያዩትን ክርስቲያኖች ለጥቂት ጊዜ በአንድ ሐዘን አስተባበራቸው።

ንጉሡም ከመዝመቱ በፊት ወደ አባ ጰንጠሌዎን ሄደ። ይህ አባት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ነው፤ በአክሱም አጠገብ ባለች ኮረብታ ላይ በጠባብ በዓት ቆሞ ይጸልይ ስለ ነበረ ጰንጠሌዎን ዘጾማዕት ይባላል። ገድሉ በዚያች በዓት 45 ዓመት እንደ ኖረ ይተርካል። ወርቅ የለበሰው ንጉሥ መቀመጫ እንኳ ከሌለው መነኩሴ ደጅ ቆሞ ጸሎትና ቡራኬ ለመነ። በዚያች ሰዓት ከሁለቱ ማን ከማን እንደሚበልጥ ለተመልካች ግልጽ ነበረ፤ ንጉሡም ራሱ ይህን ሳያስተውል አልቀረም፤ ዘመቻውን ከፈጸመ በኋላ የሄደበት መንገድ ይህን ያስረዳልና።

ለዘመቻው ከቀይ ባሕርና ከሌላም ወደብ 60 ያህል መርከቦች በአዱሊስ ዳርቻ ተሰበሰቡ፤ ንጉሡም ራሱ ያሠራቸው ሌሎች መርከቦች ተጨመሩ። በ525 ሠራዊቱ ባሕሩን ተሻግሮ ከሕምያር ንጉሥ ጋራ ተዋጋ። ዮሴፍም ተሸነፈና ሞተ፤ ዐረቦች የሚተርኩት ፈረሱን ወደ ባሕር ነድቶ እንደ ሰጠመ ነው። ካሌብም የተቃጠሉትን አብያተ ክርስቲያናት አሳደሰ፤ አዲስም ሠራ። በማሪብ የተገኘው የግዕዝ ጽሕፈት ስብርባሪ የዚያ ዘመቻ ምስክር ሆኖ እስካሁን ይታወቃል።

ነገር ግን ድል ከነቀፌታ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። የሕምያራውያን መጽሐፍ የሚባለው የሶርያ ጽሑፍ እንደሚተርከው የአክሱም ወታደሮች ቋንቋውን ስለማያውቁ ክርስቲያኑን ከጠላቱ መለየት አልቻሉም፤ ስለዚህም የአገሩ ክርስቲያኖች እንዳይገደሉ በእጃቸው ላይ የመስቀል ምልክት አደረጉ። ሞትን ፈርተው ክደው የነበሩትም ወደ ንጉሡ መጥተው ይቅርታ ለመኑ። ክርስቲያንን ሊያድን የሄደ ሰይፍ ክርስቲያንን ሊገድል መቃረቡ፥ በድል ቀንም ከሁሉ የሚያስፈልገው ነገር ይቅርታ ሆኖ መገኘቱ፥ ንጉሥን የሚያሳስብ ነገር ነው።

በአክሱም የተገኘ አንድ የድንጋይ ጽሕፈት ይህን አሳብ ያጠነክራል። ጽሕፈቱ በግዕዝ ቋንቋ በሳባ ፊደል የተቀረጸ ሲሆን ካሌብ የገዛቸውን አገሮች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ አክሱምን፥ ሕምያርን፥ ሳባን፥ ሐድራሞትን፥ ቤጃን፥ ኖባን፥ ሌላውንም ሁሉ። እስከዚህ ድረስ በአዱሊስ ዙፋን ላይ የነበረውን የአረማዊውን ንጉሥ ጽሕፈት ይመስላል። ነገር ግን መንግሥቱን የሰጠው ክርስቶስ እንደ ሆነ ይመሰክራል፤ የማዕርጉንም ስም ሁሉ ከቈጠረ በኋላ በመጨረሻ ራሱን የክርስቶስ አገልጋይ ብሎ ይጠራል። የማዕርጉ ሁሉ መደምደሚያ አገልጋይነት ሆነ።

ካሌብ በሕምያር ሱምያፋ የሚባል የአገሩን ተወላጅ ክርስቲያን አንግሦ ወደ አክሱም ተመለሰ። ክብሩም እጅግ ከፍ አለ። በ531 ገደማ የሮም ንጉሥ ዮስጢንያኖስ መልእክተኛ ልኮ በፋርስ ላይ እንዲረዳው፥ የሐርንም ንግድ ከህንድ ወደ ሮም እንዲያሻግር ለመነው። መልእክተኛው በአራት ዝሆኖች ላይ በቆመ፥ በወርቅ በተለበጠ ሠረገላ ላይ ንጉሡን አየው፤ የወርቅ ሐብል በአንገቱ፥ ጋሻና ጦር በእጁ ነበረ፤ መኳንንቱ በዙሪያው ቆመዋል፤ እንቢልተኞችም ይነፋሉ። ከምድር ነገሥታት ክብር የጐደለ ነገር አልነበረም።

ሆኖም ይህ ክብር ብዙ አልቆየም። የሐሩ ንግድ የፋርስ ነጋዴዎች ወደቦቹን አስቀድመው ስለ ያዙ ሳይሳካ ቀረ። በሕምያርም ከቀሩት የኢትዮጵያ ወታደሮች መካከል ዐመፅ ተነሣ፤ ሱምያፋንም አስረው፥ አስቀድሞ በአዱሊስ የአንድ ሮማዊ ነጋዴ ባሪያ የነበረውን አብርሃን አነገሡ። ካሌብ በዘመዱ የሚመራ 3000 ወታደር ላከ፤ ወታደሮቹ ግን አገሩ ስለ ተመቻቸው መሪያቸውን ገድለው ከአብርሃ ጋራ ተባበሩ። ሁለተኛም ጦር ላከ፤ እርሱም ተሸንፎ ተመለሰ። ይህ አብርሃ ራሱ ክርስቲያን ነበረ። ስለ ክርስቶስ ተብሎ የተያዘ አገር በክርስቲያን ወታደሮች እጅ ከክርስቲያን ንጉሥ ተወሰደ። ሰይፍ የሰጠውን ሰይፍ ነጠቀው።

ከዘመቻው በኋላ ንጉሡ ስላደረገው ነገር የናግራን ሰማዕታት ገድልና የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንዲህ ይተርካሉ። ካሌብ ዘውዱን ከራሱ አውርዶ ወደ ኢየሩሳሌም ሰደደ፤ በመድኃኔ ዓለም መቃብር ደጃፍም እንዲሰቀል አደረገ። መንግሥቱንም ለልጁ ትቶ ከቤተ መንግሥቱ በሌሊት ወጣ፤ ከሰሌንና ከውሃ መጠጫ ጽዋ በቀርም አንዳች አልያዘም። ከዚያም በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም በዓት ዘግቶ በጾምና በጸሎት ዘመኑን ፈጸመ። ዝሆን በሚሸከመው ሠረገላ የቆመው ሰው በአንድ ሰሌን ላይ ተኛ። ትውፊቱ እንደሚለው ከእርሱ ቀጥሎ ልጁ ገብረ መስቀል ነገሠ፤ ቅዱስ ያሬድም በዚሁ ንጉሥ ዘመን ዜማውን አቀና።

ዘውዱ የተሰቀለበት ስፍራ ምን እንደ ሆነ ሊታሰብ ይገባል። የምድር ነገሥታት ድል ባደረጉ ጊዜ የተሸናፊውን ዘውድ ወስደው በቤተ መንግሥታቸው ያኖራሉ። ካሌብ ግን ድል አድርጎ ሳለ የራሱን ዘውድ እንደ ተሸናፊ አስረከበ። ያስረከበውም በመቃብር ደጅ ነው፤ ይህም መቃብር ከመቃብር ሁሉ የተለየ ነው። የነገሥታት መቃብር በውስጡ ንጉሥ ስለ ተኛ ይከበራል፤ የክርስቶስ መቃብር ግን ባዶ ስለ ሆነ ይከበራል። በዚያ ደጅ የተሰቀለ ዘውድ ለሚያየው ሁሉ ሞት የማይሽረው ንጉሥ አንድ ብቻ እንደ ሆነ ይናገር ነበረ።

ይህም ከወንጌል ትምህርት ጋራ ይስማማል። ክርስቶስ ሕዝቡ ሊያነግሡት በፈለጉ ጊዜ ከእነርሱ ተለይቶ ወደ ተራራ ሄደ፤ ወደ ኢየሩሳሌም በገባ ጊዜ በአህያ ውርንጭላ ተቀመጠ፤ በጲላጦስ ፊት ንጉሥነቱን አልካደም፥ ነገር ግን መንግሥቱ ከዚህ ዓለም እንዳልሆነ አስታወቀ። ዘውዱ የእሾህ አክሊል፥ ዙፋኑም መስቀል ሆነ፤ የንጉሥነቱም ጽሕፈት በመስቀሉ ላይ ተነበበ። ስለዚህ ሥልጣኑ በሰማይና በምድር ሁሉ ላይ ሲሆን፥ ሰውን የሚገዛው ራሱን ስለ ሰው በመስጠት ነው። የናግራን ሰማዕታት ይህን መንግሥት ያለ ሠራዊት መሰከሩለት። ካሌብም መጀመሪያ በሠራዊት ሊረዳው ወጣ፤ በመጨረሻ ግን ከእነርሱ ዘንድ ተማረ፤ እነርሱ ነፍሳቸውን እንደ ሰጡ እርሱም ዘውዱን ሰጠ።

ከካሌብ በኋላ መቶ ዓመት ሳይሞላ፥ በ615፥ የመሐመድ የመጀመሪያ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ባሕሩን ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። የአክሱም ንጉሥም፥ ዐረቦች ነጃሺ የሚሉት፥ ተቀበላቸው፤ ለአሳዳጆቻቸውም አሳልፎ አልሰጣቸውም። በካሌብ ዘመን ሠራዊት የተሻገረበት ባሕር በዚያን ጊዜ ስደተኛ የሚሻገርበት ሆነ። እምነቱ ከእርሱ እምነት የተለየውን ስደተኛ ማስጠለል ለክርስቲያን ንጉሥ የተገባ የመንግሥት ሥራ ነው። ይህም በጅግጅጋና በቱሊ ጉሌድ አገር፥ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት፥ ከጎረቤት ጋራ በገበያና በውሃ ጕድጓድ በሐዘንና በደስታ ለሚገናኝ ክርስቲያን መልካም ትምህርት ነው። የክርስቶስን ንጉሥነት የሚያምን ሰው ጎረቤቱን በማሸነፍ ሳይሆን በእውነተኛነትና በርኅራኄ ይታወቃል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ካሌብን በግንቦት 20 ቀን፥ የናግራንን ሰማዕታት በኅዳር 26 ቀን ታስባለች። የሮም ቤተ ክርስቲያንም በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከኢትዮጵያ የተለየች ስትሆን ኤሌስባን በሚል ስም ከቅዱሳን ቈጥራ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን መታሰቢያ አድርጋለታለች። በአክሱም ከተማ አጠገብ በኮረብታ ላይ የካሌብና የገብረ መስቀል መቃብር የሚባለው ከታላላቅ ድንጋዮች የታነጸ ሥራ እስከ ዛሬ ይታያል፤ የአባ ጰንጠሌዎንም ገዳም በኮረብታው ላይ አለ። የሕምያር ግዛት ግን ከአክሱም እጅ ከወጣ 1400 ዓመት አልፎታል። ብዙ መርከብ ያስገኘው ነገር ጠፋ፤ አንድ ሰሌን ያስገኘው ነገር ቀረ።

ከካሌብም በኋላ የኢትዮጵያ ነገሥታት ዘውዳቸውን ለቤተ ክርስቲያን መስጠትን ልማድ አደረጉ፤ በአክሱም ጽዮን ዕቃ ቤት የሚጠበቁት አክሊሎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ለነገሥታት ብቻ የተተወ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው በልቡ ላይ የሚያኖረው ዘውድ አለው፤ ለአንዱ ሀብቱ፥ ለአንዱ ሹመቱ፥ ለአንዱ ዘሩ፥ ለአንዱም ቂሙ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ኢዮቤልዩዋን በምታከብርበት በዚህ ወራት ከምእመናኗ የምትጠብቀው ስጦታ ይህ ነው፤ ጧፍና መጋረጃ መልካም ነው፥ ነገር ግን ሰው ከራሱ ላይ ያወረደው ዘውድ ከሁሉ ይበልጣል። በኢዮቤልዩ ዓመት በብሉይ ሕግ ባሪያው ነጻ ይወጣ ነበረ፤ የተሸጠውም ርስት ለባለቤቱ ይመለስ ነበረ። እንዲሁም ለክርስቶስ የሚገባው ዙፋን በሰው ልብ ውስጥ ለባለቤቱ ቢመለስ በዓሉ እውነተኛ በዓል ይሆናል።

የቅዱስ ካሌብና የናግራን ሰማዕታት በረከት ከዚህ ደብር አገልጋዮችና ምእመናን፥ ከአገሩም ሕዝብ ሁሉ ጋራ ይሁን። መንግሥቱ ለማያልፈው ንጉሥ ክብርና ምስጋና ለዘላለሙ ይሁን፤ አሜን።